ፍትሐት ለባዶ ሣጥን

መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ። አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አሥራ ሰባት የሬሳ ሣጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው ገቡ። ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ዕጣኑ ጤሰ፣ እናቶችና እኅቶች ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ከሳምንት በፊት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። አስከሬን ለይቶ ለማስረከብ ወራት የሚፈጅ የዘረ መል ምርመራ ያስፈልግ ነበር። እስከዚያው ለቤተሰብ የተሰጠው ከአደጋው ሥፍራ የተዛቀ፣ እሳት የነካው አፈር ነው።

የውጭ ጋዜጠኞች ሥርዓቱን «ምሳሌያዊ ቀብር» ብለው ዘገቡት። ከውጭ ሲያዩት እንዲያ ሊመስል ይችላል። በግቢው ለቆመው ምእመን ግን ጸሎቱ ሙሉ ጸሎት ነበር፤ ነፍስ ይማር የሚባለው ለነፍስ ነውና የሥጋው መጉደል ልመናውን አያጎድለውም። የሚያጎድለው ሌላ ነገር ነው። ገንዞ፣ አጅቦ፣ አፈር አልብሶ መመለስ ለቀባሪው የሚሰጠው እርካታ አለ፤ «ወግ ማዕረጉን አየሁለት» የሚባለው። ይህ ሲቀር ሀዘንተኛው በምን ይጽናናል? የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በስብከት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከሞቱ ዕለት ጀምሮ ሀዘንተኛውን በሥራ የሚይዘው ሥርዓት ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

ሥራው ሰው እንደሞተ ይጀምራል። አካሉ ይታጠባል፣ የእጆቹ አውራ ጣቶች ይታሰራሉ፣ በነጭ ጨርቅ ይገነዛል። ደወል ይደወላል፤ በየሰፈሩ የእድሩ ጥሩምባ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነፋል። ካህናቱ የሚያነቡት መጽሐፈ ግንዘት በ14ኛው መቶ ዘመን በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደተመለሰ ይነገራል። በጥንቱ ሥርዓት አስከሬኑ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ጊዜ ይቆማል፤ በየምዕራፉ ጸሎት ይደርሳል። ዛሬ በመኪና የሚሸኝ የከተማ ሰው ሰባቱን ምዕራፍ አሳጥሮ አንድ ቦታ ላይ ያስደርሳል። መንገዱ ረጅም በነበረበት ዘመን ግን ቀባሪው በየመቆሚያው እያለቀሰ፣ እየጸለየ፣ ደግሞ እየተነሣ ይሄድ ነበር። መቃብር ጫፍ ሲደርስ የመጀመሪያው ድንጋጤ ትንሽ ደክሞለታል።

ከዚያ በፊት ካህኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የክርስትና ስሙ ማን ነው? በመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር፣ በሰፈሩ አቶ፣ በጓደኞቹ ዘንድ በቅጽል ስም የሚጠራው ሰው በዚያች ሰዓት ወልደ ሚካኤል ይሆናል፤ እመቤቲቱ ወለተ ማርያም። ስሙ የሚታወቀው በእናት፣ በአክስት ወይም በክርስትና አባት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ በቀብር ዋዜማ ስልክ የሚደወለው ይህን ስም ፍለጋ ነው። ሟቹ ሕፃን ሆኖ በተጠራበት ስም ይሸኛል።

ቀኖቹም ይከተላሉ፤ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። የፍትሐ ነገሥቱ 22ኛ አንቀጽ ስለ ሙታን ሲደነግግ የመታሰቢያ ቀናትን ይጠቅሳል። ሦስተኛው ቀን ከጌታ ትንሣኤ ጋር ይያያዛል፣ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ካለቀሱለት ቀን ጋር፣ አርባው ከዕርገት ጋር። ከነዚህ ሁሉ ሰው የማይረሳቸው አርባና ሰማንያ ናቸው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያስገቡት ቁጥሮች በሞቱም ጊዜ ይቆጠራሉ። ማንም ሊቅ ለሀዘንተኛ ሲያስረዳ ባይሰማም፣ ልጇን በአርባ ቀኑ ታቅፋ ቅዳሴ ያስቀደሰች እናት ለልጇ አርባ ስታወጣ ግጥጥሙን ልብ ሳትል አትቀርም።

የሥነ ልቦና ጠበብት ወደዚህ ሐሳብ የመጡት ዘግይተው ነው። ፍሮይድ በ1917 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉ የሀዘን ሥራ ልብን ከሟቹ ቀስ በቀስ ማላቀቅ እንደሆነ ካስረዳ በኋላ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት «ተላቀቅና ኑሮህን ቀጥል» የሚለው ምክር ገዥ ሆኖ ቆየ። በ1996 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት መጽሐፍ ግን ጤነኛ ሀዘንተኛ ከሟቹ ጋር ያለውን ትስስር መልኩን ለውጦ ይዞት ሊኖር እንደሚችል ተከራከሩ። ሰባት ዓመት ቀን ቆጥሮ ዝክር የሚያወጣ የጎንደር ወይም የሸዋ ገበሬ ይህን ቢሰማ ምኑ አዲስ ነው ሳይል አይቀርም። ለእርሱ ሟቹ ገና የሚታገዝ ዘመድ ነው፤ በጸሎት፣ በቅዳሴ፣ በምጽዋት። የክርስቲያኑ መጽናናት እጅግ ተግባራዊ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ምንም ማድረግ የማይቻልበት ነገር በደረሰበት ሰው ፊት ገና የሚደረግ ነገር ይቀመጣል።

የማጽናናቱ ሌላው ወገን ጎረቤት ነው። ድንኳን ይጣላል፣ ወንበርና ድስት ከእድር ቤት ይወጣል። ሀዘንተኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች። ሴቶቹ በየተራ እዝን ይዘው ይመጣሉ፤ ንፍሮ ይዞራል፣ ቡና ይፈላል። አስተዛዛኞቹ ሲገቡ ብዙ አይናገሩም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነት ከጎኑ ካለው ጋር ሲያወራ ቆይቶ ይነሣል። ከተሜ ወጣቶች ይህን ያፌዙበታል። በመጽሐፈ ኢዮብ ግን የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት አፋቸውን ዘግተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት በተቀመጡበት ጊዜ ብቻ ነው። መናገር ሲጀምሩ ነገሩ ተበላሸ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ነው።

የለቅሶ ቤት ሁሉ የራሱ የኢዮብ ወዳጅ አለው። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አታልቅሺ» የሚለው። «ለበጎ ነው» የሚለው። የሦስት ዓመት ሕፃን ለቀበረች እናት «መልአክ ፈልጎ ወሰደው» የሚላት። ነገሩ ሃይማኖት ይምሰል እንጂ ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም። ጌታ አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ያሳሰባቸው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው፤ ፈጽሞ እንዳያዝኑ አላዘዛቸውም። ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ፊት መንጨትንና ገላን ማቁሰልን ነው። ለእንባማ ራሷ ቦታ አዘጋጅታለች። በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ በሌሊት ከማኅሌተ ጽጌ ጋር የሚዜመው ሰቆቃወ ድንግል ልጇን ይዛ በስደት የተንከራተተችው የእመቤታችን ለቅሶ ነው። ልጅ የሞተባት ሴት ከሥዕለ ማርያም ፊት ቆማ «አንቺ ታውቂዋለሽ» ስትል የምታነጋግረው ልጇ ዓይኗ እያየ የሞተባትን እናት ነው። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከሚነገሩ የማጽናኛ ቃላት ሁሉ ይህ አጭሩ ነው፤ የምትናገረውም ራሷ ሀዘንተኛዋ ናት።

እንባ ራሱ የተከለከለበት ዘመንም ነበር። በቀይ ሽብር ወቅት የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን መንገድ ላይ ይጣል ነበር፤ ቤተሰብ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቅ፣ ለቅሶ እንዳይቀመጥ ይታዘዝ ነበር። እድርም ጥሩምባም ዝም አሉ። የዚያ ትውልድ እናቶችን ሀዘን ለየት የሚያደርገው ይህ ነው፤ ሰልስቱም አርባውም በድብቅ ተቆጠረ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. መቃብሮች ተቆፈሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት ባለሥልጣናት ዐፅም ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ግቢ አረፈ። በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ደግሞ የሁለት ሰዎች ዐፅም ተገኘ፤ አንዱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ሌላው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ። ሁለቱም የተገደሉት በ1971 ዓ.ም. ነው። በሕይወት ሳሉ በሃይማኖት ሥርዓት የማይገናኙ ሰዎች ገዳያቸውና አፈራቸው አንድ ሆነ። ፓትርያርኩ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ተቀበሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በክብር ሳይቀበሩ እስከ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ቆዩ፤ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ዘግይቶ ሰው ለመቅበር የሚወጣ ሕዝብ ምን ፍለጋ ይወጣል? ምናልባት ታሪክ፣ ምናልባትም ፖለቲካ። ዘመዶቹ ግን ፍትሐት ያልደረሰለትን ሰው ለማስፈታት ነው የወጡት።

የቄስ ጉዲና ቤተሰብ ታሪክ የተለየ ነው፤ ፍትሐት የሌለበት ሃይማኖት እንዴት እንደሚያጽናና ያሳያል። ቄሱ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት ኡራኤል ከሚገኘው ምእመናን ጉባኤ አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማ ወጣ አድርገው ጥለዋቸው ሄዱ፤ ቄሱን ማንም ዳግመኛ አላያቸውም። ከወራት በኋላ ወይዘሮ ፀሐይም ታስረው አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። ባላቸው ይሙቱ ይኑሩ ሳያውቁ፣ ልጆቻቸው ተበትነው። በወንጌላውያን እምነት ሰው ከሞተ በኋላ ዕጣው በእግዚአብሔር እጅ ተዘግቷል፤ ለሙታን ጸሎት የለም፣ ቀን አይቆጠርም። የሚቀረው «ጌታ ጋ ነው» የሚለው እርግጠኝነትና መዝሙር ነው። በዚያ እስር ቤት ይህ ብቻውን መብቃት ነበረበት። ወይዘሮ ፀሐይ ከእስር የወጡት በ1982 ዓ.ም. መግቢያ ነው፤ ባላቸውን የቀበሩት ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይተው ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 18 በላይ የሚሆነው ኢትዮጵያዊ ፕሮቴስታንት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱ የማጽናናት መንገዶች አንድ ቤት ውስጥ መጋጠማቸው ብርቅ አይደለም። ኦርቶዶክስ እናት ታርፋለች፤ ልጇ ጴንጤ ነው። የአርባው ዕለት እኅቶቹ ካህን ሲጠሩ እርሱ ገንዘቡን ለማዋጣት ኅሊናው አይፈቅድለትም፤ አለማዋጣቱም እናቱን እንደ መካድ ይቆጠርበታል። አንዳንዱ «ለድግሱ እንጂ ለጸሎቱ አልሰጥም» ብሎ ያልፋል። ከዚህ የባሰም ነበር፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ወንጌላውያን የመቃብር ቦታ እስከ መነፈግና ከእድር እስከ መውጣት ደርሰዋል። ሀዘን ሁልጊዜ ሰው ያቀራርባል የሚለው ጨዋ አባባል ይህን ታሪክ አያውቀውም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግም ትንሣኤ ነበር። ፋሲካ ከዋለ ገና ሳምንቱ ነው፤ ጾም የለም፣ ስግደት የለም፣ ቅዳሴው ሁሉ ስለ ትንሣኤ ነው። በዚያ ቀን አይሲስ የተባለው ቡድን በሊቢያ በሁለት ቦታ ክርስቲያን ኢትዮጵያውያንን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አሰራጨ። መንግሥት ቁጥራቸው 30 መሆኑን ገለጸ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሀዘን ታወጀ። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የሁለት አብሮ አደጎች ቤተሰቦች መርዶውን የሰሙት ከሽማግሌ አፍ አልነበረም። የልጆቻቸውን ፊት በቪዲዮው ውስጥ አዩ። ድንኳኑ ተጣለ፣ ከተማው ወደ ቂርቆስ ጎረፈ። የሚቀበር ግን አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ሟቾቹን ሰማዕታት ብላ ጠራቻቸው፤ ይህ ስያሜ የሀዘኑን አቅጣጫ ይለውጣል። ለሟች ይጸለያል፤ ሰማዕት ግን ለሕያዋን እንዲጸልይ ይለመናል። ትናንት በረሃ አቋርጦ አውሮፓ ገብቶ ቤተሰቡን ሊያወጣ የተመኘ ወጣት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እናቱ የምትማጸነው ሆነ። እናቲቱ ይህን ክብር መሸከም ትችላለች ወይ? ምናልባት በአደባባይ ትችላለች፤ ሌሊት ፍራሹ ላይ ስትቀር ግን የሚታያት የለመደችው ልጅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ዓመታት ይፈጃል፤ የቀን ቆጠራው ትዕግሥትም ለዚህ ይመስላል።

ከዚህ ግድያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በዚያው ሊቢያ 21 ሰዎች ተገድለው ነበር፤ ሃያ ግብጻውያን ቅብጦችና አንድ ጋናዊ። አብዛኞቹ ግብጻውያን ሚኒያ አውራጃ ውስጥ ከምትገኝ አል-አውር ከምትባል መንደር ናቸው። የሁለቱ ሟቾች ወንድም በክርስቲያን ቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት ላይ ስልክ ደውሎ ገዳዮቹ ወንድሞቹ በመጨረሻ ሰዓት የተናገሩትን የእምነት ቃል ከቪዲዮው ስላልቆረጡት እንደሚያመሰግናቸው ተናገረ። በ2018 እ.ኤ.አ. መንደሪቱ በስማቸው ቤተ ክርስቲያን አስመርቃ በዚያው ዓመት አስከሬናቸውን ተቀበለች፤ ዛሬ ምእመናን ይሳለሙታል። የኢትዮጵያውያኑ ቤተሰቦች ዕድል ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሊቢያ ባለሥልጣናት ሲርት አካባቢ የኢትዮጵያውያን አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር ማግኘታቸውን አስታወቁ። የሚሳለሙት መቃብር ለሚሹት የቂርቆስ እናቶች ግን ይህ ዜና ብቻውን መልስ አልሆነም።

የአስከሬን ርቀት ዛሬ የጦርነትና የአደጋ ብቻ አይደለም፤ የስደትም ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው አባቱ ጎጃም ሲሞቱ መርዶው እንደ ጥንቱ ይነገረዋል። ጓደኞቹ ተጠራርተው ከሥራ በፊት ጎሕ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ሲመጣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ከመናገራቸው በፊት ይገባዋል። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ተነሥቶ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ሻማ ይበራል። እዝኑ በሰሃን ከየቤቱ ይመጣል። ፈቃድ አጭር ስለሆነ የተቀባሪው ልጅ በሦስተኛው ቀን ወደ ታክሲው ወይም ወደ ሆስፒታሉ ሥራ ይመለሳል፤ ፍትሐቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደረግለታል።

ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ይህም የለም። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ መርዶውን ይደብቃታል፤ «ኮንትራቷን ትጨርስ፣ መጥታ ትስማ» እየተባለ። እናቷ በስልክ ለምን እንደማትቀርብ ወራት ሙሉ ምክንያት ይፈለጋል፤ ወይ ጠበል ሄዳለች፣ ወይ ጉሮሮዋን አሟታል። ደብቆ ማቆየቱ የፍቅር ቢሆንም አርባውም ሰማንያውም ያልፋታል። አገሯ ስትገባ ለሌሎቹ ያረጀው ሀዘን ለእርሷ የዛሬ ነው፤ ጎረቤቱም ያንን ያውቅና እንደገና ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ስንት ሀዘን ባለበት አገር ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ለቅሶ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ተዝካር ወቀሳም አለበት። ድሮ በሬ ሽጠው፣ መሬት አስይዘው፣ አራጣ ተበድረው ያወጡ ሰዎች ነበሩ። ሟቹ በሕይወቱ ያላበላውን ያህል ሰው ሞቶ ያበላል ይባላል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ራሳቸው በየዐውደ ምሕረቱ ምጽዋቱ ለድኻ እንጂ ለጠገበ ዘመድ እንዳይሆን ያሳስባሉ፤ ሥርዓቱም በመነሻው ለነዳያን ነው። ዛሬ በከተማ ያለው ለውጥ ከዚህ ስብከትና ከገበያው ዋጋ ተደምሮ የመጣ ይመስላል። ብዙ ቤተሰቦች ሙት ዓመቱን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሚጠለሉበት በመቄዶንያ ምሳ በማብላት ያስባሉ። ሟቹን አንድ ቀን ያላዩ ሰዎች በልተው ሲያበቁ ነፍስ ይማር ይላሉ።

አክስቶች ሁሉ ግን በዚህ አልተስማሙም። ጠላ ያልተጠመቀበት፣ የሰፈሩ ቄስ ያልቀመሰበት፣ ነጭ የለበሰ ጎረቤት ያልተደረደረበት ተዝካር ለእነርሱ ገና አልወጣም። ስለዚህ አንዳንዱ ቤት ቅዳሜ መቄዶንያ ያበላና እሑድ ድንኳን ይጥላል።